አሥር ገመድ፣ አንድ በር፦ የፈጣን ዳውንሎድ ታሪክ ከኢትዮጵያ በኩል ሲታይ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1997 ሁለት ነገሮች በአንድ ወር ውስጥ ሆኑ። አንደኛው አዲስ አበባ ላይ ነው፤ የያኔው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት ጀመረ። ሁለተኛው ወረቀት ላይ ነው፤ ኮምፒውተሮች ድረ ገጽ የሚለዋወጡበት ደንብ፣ ኤችቲቲፒ 1.1 የሚባለው፣ ታትሞ ወጣ። በዚያ ደንብ ውስጥ አንድ ትንሽ አንቀጽ አለች። አንቀጿ የምትፈቅደው ነገር ቀላል ነው፦ አንድ ኮምፒውተር ሌላውን «ፋይሉን ሙሉውን አትስጠኝ፤ ከዚህኛው ባይት እስከዚያኛው ባይት ያለውን ብቻ ስጠኝ» ሊለው ይችላል።

የመጀመሪያው ክስተት ለአገሪቱ በር ከፈተ። ሁለተኛው ደግሞ በየትኛውም በር ዕቃ በፍጥነት የማስገባት ተስፋ ሰጠ። ፋይል መቆራረጥ ከተቻለ አንዱን ቁራጭ ከጀርመን፣ ሌላውን ከአሜሪካ፣ ሦስተኛውን ከጃፓን እኩል መቅዳት ይቻላል ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ?

ጥያቄው ግን ይህ ነው፦ ሁሉም ድር የሚያልፈው በአንድ ቀዳዳ ከሆነስ? የኢትዮጵያ የዳውንሎድ ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው። ዛሬም ከምባታ ውስጥ አዲሎ ላይ ኮምፒውተሩን ከፍቶ «እየወረደ ነው» የሚለውን መስመር አፍጥጦ የሚያይ ወጣት መልሱ ይመለከተዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

◆ ፋይል ተቆራርጦ በደብዳቤ ሲመጣ

ከ1997 በፊትም ኢትዮጵያ ከዓለም ጨርሳ የተቆረጠች አልነበረችም። አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የሚባል የመረጃ ክፍል ነበር። ክፍሉ በ1990ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ፊዶኔት በተባለ ዘዴ ኢሜይል ያስተላልፍ ነበር። አሠራሩ ከፖስታ ቤት ብዙ አይርቅም። መልእክት ኮምፒውተር ላይ ይጠራቀማል፤ ሰዓቱ ሲደርስ በሞደም ወደ ውጭ አገር ስልክ ይደወላል፤ የተጠራቀመው ይላካል፣ የመጣው ይወሰዳል፣ ስልኩ ይዘጋል።

እንዲህ ባለ መስመር ፕሮግራም ማውረድ ይቻላል? በዚያ ዘመን ከኢሜይል ሌላ መንገድ ላልነበራቸው የዓለም ክፍሎች አንድ ዘዴ ተበጅቶ ነበር፤ ኤፍቲፒሜይል ይሉታል። ፈላጊው የፋይሉን ስም ጽፎ ለአንድ ሰርቨር ኢሜይል ይልካል። ሰርቨሩ ፋይሉን አምጥቶ ወደ ፊደልና ቁጥር ይቀይረዋል፤ ከዚያ ቆራርጦ፣ ተራ ቁጥር ሰጥቶ፣ በብዙ ኢሜይል ይመልሳል። ቅየራው ብቻውን ፋይሉን ሲሶ ያህል ያሳብጠዋል። ተቀባዩ ቁራጮቹን በተራ ገጣጥሞ ፕሮግራሙን ያገኛል። አሥራ ሰባተኛው ቁራጭ መንገድ ላይ ከቀረ ግን የቀሩት ሁሉ ዋጋ የላቸውም።

ፋይልን ቆራርጦ ማምጣት እንግዲህ በሀብታም አገሮች ቅንጦት የተወለደ ሐሳብ አይደለም። መስመር የጠበባቸው ሰዎች ከኤችቲቲፒ 1.1 በፊት ያውቁታል።

◆ ሚረር እንዴት ተፈጠረ?

ሌላው የታሪኩ እግር ከፊንላንድ ይነሳል። በሴፕቴምበር 1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ተማሪ ሊነክስ የተሰኘውን ሥራውን የመጀመሪያ እትም ፉኔት በሚባለው የፊንላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ኔትወርክ ሰርቨር ላይ አስቀመጠ። ከአሜሪካ ሆኖ ያንን መቅዳት አታካች ነበር፤ ውቅያኖሱን የሚያቋርጠው መስመር ቀጭን ነው፣ ፈላጊው ደግሞ ብዙ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) የነበረው ቴድ ጾ ፋይሎቹን በተቋሙ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ገልብጦ ለሰሜን አሜሪካ ከፈተው።

የተደረገው ይኸው ነው። ፋይሉ ውቅያኖስን አንድ ጊዜ ተሻገረ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ከቅርብ ቀዳ። እንዲህ ያለው ሰርቨር «ሚረር»፣ መስታወት፣ ተባለ፤ የዋናውን መልክ እንዳለ ስለሚያሳይ ነው። በ1996 ደግሞ አርሲንክ የሚባል ፕሮግራም ወጣ። ሚረሩ በየሌሊቱ ሙሉውን ክምችት እንደገና መቅዳት ቀረለት፤ የተለወጠችውን ክፍል ብቻ ይወስዳል።

አንድ ነገር ልብ ይሏል። ዛሬ በመስመር ብዛት የምትታወቀው አሜሪካ ራሷ መስመሯ ሲጠብባት ያደረገችው ገመድ ማብዛት ብቻ አልነበረም። ቅጂውን ወደ ቤቷ አመጣች።

ለኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ሐሳብ ሊሆን አይገባም። በየገዳሙና በየደብሩ ቁም ጸሐፊው ብራና ዳምጦ መጽሐፍ የሚገለብጠው ሌላው ደብር ድረስ እየተሄደ እንዳይነበብ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ብቻ መሆኑ የዚሁ ልማድ ፍሬ ነው፤ ሌላው ዓለም ቅጂውን ሲያጣ እዚህ መገልበጡ አልቆመም። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራም አንዱን ቅጂ በአገር ቤት፣ ሌላውን በአሜሪካ ሚኒሶታ እንዲቀመጥ አድርጓል። ቅጂ ማብዛትና ማቀራረብ የአገሪቱ የቆየ ሙያ ነው።

◆ 256 ኪሎቢት

ወደ 1997 እንመለስ። አገልግሎቱ ሲጀመር አገሪቱን ከአሜሪካው ስፕሪንት ኩባንያ ጋር ያገናኘው የሳተላይት መስመር በሰከንድ 256 ኪሎቢት የሚይዝ ነበር። ለአንድ ቤት ሳይሆን ለመላ አገሪቱ።

በእጅ ማስላት ይቻላል። አንድ የተሞላ ሲዲ 700 ሜጋባይት ገደማ ነው። የኢትዮጵያ ኢንተርኔት ተጠቃሚ ሁሉ ሥራ አቁሞ መስመሩን ለአንድ ሰው ቢለቅለት፣ ያ ሰው አንዱን ሲዲ ለማውረድ 6 ሰዓት ያህል ይፈጅበት ነበር። በስልክ መስመር ላይ በተገጠመ 56 ኪሎቢት ሞደም ደግሞ፣ መስመሩ አንድም ጊዜ ሳይቆረጥና በሙሉ ጉልበቱ ቢሠራ እንኳ፣ ከ27 ሰዓት በላይ ነው። ስልክ ደግሞ ይቆረጣል። ያኔ በነበሩት ተራ ፕሮግራሞች 90 በመቶ ላይ የተቆረጠ ፋይል ከዜሮ ይጀምራል።

ስለዚህ ያቺ የ1997 አንቀጽ ለኢትዮጵያዊው ተጠቃሚ መጀመሪያ ያመጣችለት ፍጥነት አልነበረም፤ ካቆሙበት መቀጠል ነበር። «ከዚህ ባይት በኋላ ያለውን ስጠኝ» ማለት ከተቻለ የትናንቱ ድካም አይጠፋም። ማታ ተጀምሮ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በማግሥቱ የሚቀጥል ዳውንሎድ ለብዙ ሰው የመጀመሪያው ትልቅ ለውጥ ይህ ነበር።

◆ አፋጣኞቹ መጡ

በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጌትራይት፣ ፍላሽጌት፣ ዳውንሎድ አክስለሬተር የሚባሉ ፕሮግራሞች በዓለም ተስፋፉ። ከሁሉም በላይ በኢትዮጵያ ስሙ የቀረው አይዲኤም፣ ማለትም ኢንተርኔት ዳውንሎድ ማናጀር፣ ነው። አንዱን ፋይል አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ስድስት ቦታ ይከፍለዋል፤ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን ግንኙነት ይከፍታል። መስኮቱ ላይ ባለ ቀለም መስመሮች ጎን ለጎን ሲሞሉ ማየት ለኢንተርኔት ካፌ ትውልድ የታወቀ ትዕይንት ነው።

በእርግጥ ያፈጥን ነበር? አዎ፤ ግን በሁለት ምክንያት ነው፣ ሁለቱም መታወቅ አለባቸው።

የመጀመሪያው እውነተኛ ትርፍ ነው። መረጃ ላኪው ጥቂት ይልክና «ደርሶኛል» የሚል መልስ ይጠብቃል። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ጥያቄው ወጥቶ፣ ወርዶ፣ መልሱም እንደገና ወጥቶ ሲወርድ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይሄዳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ላኪው እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። አንዱ ግንኙነት ሲጠብቅ ሌላው ከላከ፣ ባዶ የሚያልፈው ጊዜ ይሞላል። መስመሩ ላይ ትርፍ ቦታ እስካለ ድረስ ይህ ማንንም አይጎዳም።

ሁለተኛው ግን ትርፍ አይደለም፤ ከጎረቤት የተወሰደ ነው። መስመር ሲጨናነቅ ኢንተርኔቱ የሚያካፍለው በሰው ሳይሆን በግንኙነት ነው። አሥር ሰው ባለበት ካፌ ዘጠኙ አንድ አንድ ግንኙነት ይዘው አሥረኛው በአፋጣኝ ፕሮግራም ስምንት ቢከፍት፣ ያ አንድ ሰው ከ17 ድርሻ 8ቱን፣ ግማሽ ሊሞላ የቀረውን፣ ይወስዳል። መስመሩ አንዲት ቢት አልጨመረም። የዘጠኙ ኢሜይል ተንቀራፈፈ፣ የአንዱ ፊልም ፈጠነ። ባለካፌዎች እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ያየ ዓይናቸው የሚቀላው ያለ ምክንያት አልነበረም።

የደንቡ ጸሐፊዎችም ይህን አስቀድመው አይተውታል። ያው የ1997 ኤችቲቲፒ 1.1 ቁራጭ መጠየቅን ሲፈቅድ፣ አንድ ተጠቃሚ ከአንድ ሰርቨር ጋር ከሁለት በላይ ግንኙነት ባይከፍት ይገባል ብሎ መክሮ ነበር። አፋጣኞቹ የመጀመሪያውን አንቀጽ አነበቡ፣ ሁለተኛውን ዘለሉት።

◆ ከብዙ ሚረር በአንድ ጊዜ

ቀጣዩ እርምጃ ከአንድ ሰርቨር ብዙ ግንኙነት መክፈቱን ትቶ ከብዙ ሰርቨር አንድ አንድ መክፈት ነው። ይህ የተሻለ ጨዋነት ያለው መንገድ ነው፤ ሸክሙ ይከፋፈላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ዓይነት ነው።

በ2001 ብራም ኮኸን ያወጣው ቢትቶረንት ሐሳቡን እስከ ጥግ ወሰደው፤ ፋይል የሚያወርድ ሁሉ የያዘውን ቁራጭ ለሌላው ያካፍላል። በ2005 ደግሞ አንተኒ ብራያን ሜታሊንክ የተባለ አሠራር አቀረበ። ሜታሊንክ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነው። ውስጡ አንዱ ፕሮግራም የሚገኝባቸው ሚረሮች አድራሻ፣ የትኛው ይቀድማል የሚለው ቅደም ተከተል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የፋይሉና የየቁራጩ «የጣት አሻራ» ተዘርዝሮ ይገኛል። አንዱ ሚረር ቢወድቅ ፕሮግራሙ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። አንዱ ቁራጭ ቢበላሽ ያ ቁራጭ ብቻ እንደገና ይመጣል። በጁን 2010 አሠራሩ የኢንተርኔት ደረጃ ሆኖ ታተመ። ዛሬ ፌዶራን የመሰሉ የሊነክስ ዓይነቶች ዝማኔ ሲያወርዱ ተጠቃሚው ሳያውቀው በዚሁ ይሠራሉ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ምን ያህል ጠቀመ?

በጤፍ እንመስለው። አንድ ነጋዴ ከአንድ ጎተራ ብቻ ቢጭን ጎተራው ላይ ወረፋ አለ። ከአምስት ጎተራ እኩል ቢያስጭን ወረፋው ይቀንስለታል። አምስቱ መኪኖች ግን ወደ ከተማው የሚገቡት አንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፍ ድልድይ ከሆነ፣ ጎተራ ማብዛቱ ወረፋውን ከጎተራው ወደ ድልድዩ ከማዛወር በቀር የሚያመጣው የለም።

ብዙ ሚረር መጠቀም የሚፈውሰው የጎተራውን ችግር ነው፦ ሩቅ ያለው ሰርቨር ሲደክም፣ ሲጨናነቅ፣ ሲወድቅ። የኢትዮጵያ ችግር ግን ለረጅም ጊዜ ድልድዩ ነበር። አገሪቱ የባሕር በር የላትም፤ የባሕር ስር ገመድ በራሷ ምድር አያርፍላትም። ከሳተላይት ወደ ፋይበር ስትሸጋገርም በጂቡቲ፣ በሱዳንና በኬንያ በኩል ነው የወጣችው። በአገር ውስጥ ደግሞ አቅራቢው አንድ ብቻ ነበር፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በይፋ ሥራ እስከጀመረበት እስከ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ። ከጀርመን፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ሚረር እኩል የተቀዱት ቁራጮች ድልድዩ ጋ ሲደርሱ አንድ ሰልፍ ይሆናሉ።

◆ ፍላሽ፦ ስም ያልወጣለት ሚረር

ሕዝቡ ይህን ያወቀው ማንም ሳያስተምረው ነው። ለድልድዩ መፍትሔው ድልድዩን አንድ ጊዜ ብቻ ማቋረጥ መሆኑ በየሠፈሩ ተገለጠ። አንድ ሰው ሌሊት፣ መስመሩ ሲለቀቅ፣ ፕሮግራሙን ያወርዳል። በማግሥቱ በፍላሽ ለአሥር ሰው ይሰጣል። ኮምፒውተር ጥገና ቤቶች የክፍለ ሀገር ሚረር ሆኑ፤ ዊንዶውስ፣ ኦፊስ፣ የግእዝ ፊደል መጻፊያ፣ ጸረ ቫይረስ፣ ሁሉም በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ተደርድሮ ይጠብቃል። ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና የሚወርድ መንገደኛ ኪሱ ውስጥ የያዘው ፍላሽ በዚያን ጊዜ ከነበረው መስመር ሁሉ ፈጣን ነበር።

የውጭው ዓለምም ይህን ችግር ያውቀው ነበር። የኡቡንቱ ሊነክስ ባለቤት ካኖኒካል እስከ 2011 ድረስ ለጠየቀ ሁሉ ሲዲውን በነጻ በፖስታ ይልክ ነበር።

መንግሥትም ሳያስበው የዚሁን ሐሳብ ትልቁን ምሳሌ ሠርቷል፤ የፕላዝማ ትምህርት። ከ2004 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ሲሠራጭ አንድ ትምህርት ወደ ሰማይ የሚወጣው አንድ ጊዜ ነው፤ የሚቀበሉት ትምህርት ቤቶች ግን ብዙ። ተቀባዩ ቢበዛ ስርጭቱ አይዘገይም። ስለ ፕላዝማ የማስተማር ጥራት ብዙ ተብሏል፤ ስለ ስርጭት ግን ትልቅ ትምህርት አለው። ኢንተርኔትን የሚያንቀራፍፈው ያው ዓይነት ሳተላይት፣ አንዱን ነገር ለሁሉም አንድ ጊዜ ሲልክ ምንም አልከበደውም።

ዛሬ የፍላሹን ቦታ ቴሌግራም ይዞታል። ይህ መተግበሪያ በኢትዮጵያ የወሬ መድረክ ብቻ አይደለም፤ መጻሕፍት፣ ፕሮግራሞችና የስልክ አፖች የሚከማቹበት የሕዝብ መጋዘን ነው። በነጻ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይቀበላል፤ ፋይሉንም ቆራርጦ ነው የሚያወርደው።

◆ የቅጂው ታማኝነት

ሆኖም አንድ ትልቅ ጉድለት አለ። ቁም ጸሐፊው አንድ ቃል ቢስት ስህተቱ ከእሱ ቅጂ ወደሚገለበጡት ሁሉ ይሻገራል። ፍላሽም እንደዚያው ነው፤ የጥገና ቤቱ ዲስክ ላይ የገባ ቫይረስ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ወደየቤቱ ይሄዳል። ያንን ዘመን ያሳለፈ ሁሉ ፎልደሩ ወደ አቋራጭ ምልክትነት ተቀይሮበት ያውቃል።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በፌብሩዋሪ 2016 ሊነክስ ሚንት የተባለው ታዋቂ ፕሮጀክት ድረ ገጹ ተሰብሮ፣ የማውረጃው ሊንክ የስለላ በር ወደተከፈተበት ሐሰተኛ ቅጂ እንዲመራ ተደርጎ ነበር። የዳኑት የጣት አሻራውን ከታማኝ ምንጭ ጋር ያመሳከሩ ናቸው።

የጣት አሻራ የተባለው ከፋይሉ በስሌት የሚወጣ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። ፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ድርድሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ከማንኛውም ቦታ መቅዳትን፣ ከማያውቁት ሰው ፍላሽም ቢሆን፣ ከአደጋ የሚያድነው ይህ ነው። አሻራው ጥቂት ፊደላት ብቻ ስለሆነ በጣም ቀጭን በሆነ መስመርም ቢሆን ከዋናው ባለቤት ይመጣል፤ ከባዱ ፋይል ከቅርብ ይቀዳል፤ ሁለቱ ይመሳከራሉ። ሊነክስን የመሰሉ ሥርዓቶች ይህን በራሳቸው ያደርጉታል። በቴሌግራም የሚዞሩ የስልክ አፖች ላይ ግን ተጠቃሚው ራሱ ካላረጋገጠ የሚያረጋግጥለት የለም። ባንክና ገንዘብ በስልክ በሚንቀሳቀስበት ዘመን ይህ ቀልድ አይደለም።

ዝማኔ ሲዘገይ የሚከፈለውን ዋጋ ደግሞ ዓለም በ2017 አይቶታል። ማይክሮሶፍት አንድን የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍን ዝማኔ ማርች 14 ቀን አወጣ። ሜይ 12 ቀን ዋናክራይ የተባለው ጥቃት በዚያው ቀዳዳ ገብቶ ከ150 በላይ አገሮችን አዳረሰ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ ሰረዙ። በመካከሉ ሁለት ወር ገደማ ነበር። ዝማኔ ማውረድ የቀናት ሥራ በሚሆንበት ቦታ፣ ወይም በየሜጋባይቱ ገንዘብ በሚቆጠርበት ቦታ፣ ሰዎች የሚያደርጉት የታወቀ ነው፤ ዝማኔውን ያጠፉታል። የዳውንሎድ ፍጥነት የምቾት ጉዳይ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ እውነቱ ግን የደኅንነት ጉዳይ ነው።

◆ ናይሮቢ ምን አደረገች?

ጎረቤት ኬንያ በ2000 መጨረሻ የኢንተርኔት መለዋወጫ ጣቢያ ከፈተች። እስከዚያ ድረስ ናይሮቢ ውስጥ ካለ አንድ አቅራቢ ወደ ሌላው የሚሄድ ኢሜይል ባሕር ተሻግሮ ይመለስ ነበር። ጣቢያው ሁለት ሳምንት ገደማ እንደሠራ በመንግሥት የስልክ ኩባንያ አቤቱታ ተቆጣጣሪው ዘጋው። አቅራቢዎቹ ተከራከሩ፤ በፌብሩዋሪ 2002 እንደገና ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ ቅጂን በአገር ውስጥ ማስቀመጥ ትርጉም አገኘ። የኬንያ ትምህርትና ምርምር ኔትወርክ የኡቡንቱንና የሌሎችን ሚረር አስቀምጧል፤ የናይሮቢ ተማሪ ፕሮግራሙን ከናይሮቢ ይቀዳል።

ጎግልና ኔትፍሊክስን የመሰሉ ትልልቆቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ቅጂያቸውን የያዘ ሰርቨር አቅራቢው ግቢ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ለዚህም ነው በብዙ አገሮች ቪዲዮ ፈጥኖ እየታየ ፕሮግራም ማውረድ የሚያታክተው። ለቪዲዮው ቅጂ የሚያቀርብ ባለሀብት አለው። ለነጻው ፕሮግራም፣ ለመማሪያው፣ ለዝማኔው ግን የሚያቀርብለት ተቋም ያስፈልገዋል።

◆ ከአዲሎ ሲታይ

ኢትዮጵያ ይህን ለማድረግ የሚያስፈልጋት ብድር አይደለም። ለአንድ የሊነክስ ዓይነት ሚረር የሚፈለገው ጥቂት ቴራባይት የሚይዝ ዲስክ፣ የማይጠፋ መብራት፣ በየሌሊቱ የተለወጠውን ብቻ የሚያመጣ ፕሮግራምና ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን ለማገናኘት የተቋቋመ የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ አለ። ሆሳዕና ላይ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ዱራሜም ካምፓስ አለው። ሆሳዕና ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። እንዲህ ያሉ ተቋማት ቅጂውን ይዘው ለግቢያቸው ብቻ ሳይሆን ለአካባቢው ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ወረዳ ጽሕፈት ቤት ቢከፍቱት ድልድዩ የሚቋረጠው አንድ ጊዜ ይሆናል።

ከዚያም በታች መውረድ ይቻላል። አዲሎ ላይ 20 ኮምፒውተር ያለውን አንድ ትምህርት ቤት እናስብ። መስመሩ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ነው እንበል፤ የመጣው ዝማኔ ደግሞ 2 ጊጋባይት። ሃያዎቹ ለየራሳቸው ቢያወርዱ 40 ጊጋባይት ነው፤ መስመሩ ለ22 ሰዓት ያህል ሌላ ሥራ አይሠራም። አንዱ አውርዶ ለአሥራ ዘጠኙ ቢያካፍል ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ለዚህ የሚገዛ ነገር የለም። ዊንዶውስ ከ2015 ጀምሮ በአንድ ግቢ ያሉ ኮምፒውተሮች ዝማኔ እንዲካፈሉ የሚያደርግ ማስተካከያ በውስጡ ይዟል፤ ሊነክስም የራሱ መንገድ አለው። ማስተካከያውን ማብራት ብቻ ነው።

የዳውንሎድ አፋጣኞች ለአንድ ትውልድ ያስተማሩት ፍጥነት ማለት ከሌላው በላይ መሳብ እንደሆነ ነው። አሥር ገመድ ዘርግቶ ቀድሞ መጎተት። ታሪኩ በሙሉ ሲነበብ ግን የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። ከቴድ ጾ ኮምፒውተር እስከ መርካቶ ፍላሽ፣ ከብራና ገልባጩ እስከ ናይሮቢ ጣቢያ፣ መንገዱን ለብዙ ሰው ያሳጠረው አንድ ጊዜ አምጥቶ ለሁሉ ማቅረብ ነው። ኢትዮጵያ አሁን ከአንድ በላይ አቅራቢና ከአንድ በላይ መውጫ አላት። በሩ ሰፍቷል። ፋይሉም ግን አብሮ አድጓል፤ ትናንት በአንድ ሲዲ ይገባ የነበረው ስርዓተ ክወና ዛሬ ብዙ ጊጋባይት ነው። በር ብቻ በማስፋት ይህን ሩጫ የሚያሸንፍ አገር የለም። ጎተራውን ወደ መንደሩ ያመጣ ግን ከሩጫው ግማሹን ይተወዋል።